መቃኑ ላይ

የባንኩ ደብዳቤ ሁለት ስም ነበረው፤
«ድሬዳዋ ወይ ሐረር» ብሎ አሳጠረው።
ዝውውሩ የኔ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ጭሮ ላይ ሆኜ ስለምን፤
የሚጓዘው ግን አምስት ሰው፣
የማንን ልስማ፣ የማንን?

ባሌ ዘርጋው ገበያ ያያል፣ ለስፌት መኪናው ጥላ፤
ልጄ በእምነት «ጅብ ያለበት!» ይላል፣ ካልሆነማ ምሳ ላይበላ፤
ትንሿ ገና ጡት ላይ ናት።
አማቴ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ፣
«ለኔ ብላችሁ» ይላሉ፣ «ከወደዳችሁት እንዳትሸሹ።»
እንዲህ ያሉ ቀን ነው መፍራት።

ቅዳሜ ድሬ ገባን።
ደላላው አብዲ በባጃጅ፣ ከከዚራ ዛፎች ሥር፣
ወስዶ ወስዶ ደቻቱ ዳር፣ ከአሸዋው አጠገብ ያለ አጥር።
ሁለት ክፍል ቤት፣ ግቢው መሐል አንድ የኒም ዛፍ፤
ኪራዩ ርካሽ ነው። ርካሽ ሲሆን ደግሞ ሆዴ አያርፍ።
ባለቤቷ አዴ ሰዲያ በሩን ሲከፍቱ መቃኑ ላይ አየሁ፣
በእርሳስ የተሰመረ የልጆች ቁመት፤ ፈገግ ብዬ ቆየሁ።
ጀማል። ፈቲያ። ጀማል እንደገና በዓመቱ።
ከነሱ በላይ ግን አንድ ሌላ መስመር አለ፣
ስም የሌለው፣ ቡናማ፣ ግድግዳውን ዞሮ ክፍሉን ያካለለ።
«ይሄስ የማን ነው?» አልኩ።
«የወንዙ» አሉ።
ሌላ አልጨመሩም።
የዘጠና ስምንቱን ክረምት አገሩ ሁሉ ያውቃል፣
ጀማል አሁን ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ማን ይጠይቃል?
ዘርጋው ስለ ውሃ ቆጣሪው ያወራል፤
ልጄን በትከሻው ይዤ መቃኑን አስደገፍኩት፣
መስመሩ ከአናቱ በላይ ነው። አንድ ክንድ። በእጄ ለካሁት።
እትዬ አስካለ ግን ከኒሙ ሥር እግራቸውን ዘርግተው፣
ሦስት ዓመት ያላየሁባቸውን እንቅልፍ ተኝተው።

እሑድ ደንገጎን ወጣን።
እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሚኒባሱ ሙሉ ሹራብ ይለብሳል፣
ቁልቁል የሚወርደው ኮት ያወልቃል፤ አንዱ ሌላውን በመስኮት ይወቅሳል።
ሐረር በቀዝቃዛ አየር ተቀበለችን፣
ጁገል ውስጥ በጠባቧ መንገድ አባይ ሩቅያ ከፊት እየመሩን።
ዘርጋው ሲባጎ አውጥቶ የመንገዱን ስፋት ለካ፤
«ቁም ሣጥኑ አያልፍም» አለ፣ «አናጢው አገር አላየም ለካ!»

ቤቱስ! ነጭ ኖራ፣ ቀይ ነደባ፣ ግድግዳው ሙሉ ሰፌድ፣
አባወራው ላይ፣ እንግዳው ታች፣ ማንም ከቦታው የማይሄድ።
በእምነት «ጅቡስ?» ይላል፤ «ሲመሽ» አሉት፣ ዐይኑ በራ፤
እኔም በልቤ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ የሰው ቤት ስሠራ።
ከዚያ እትዬ አስካለ ወደ ነደባው አንድ እግር አነሡ።
ሁለተኛው አልመጣም። ሕመሙን ሊደብቁ አስነጠሱ።
ሁለት ስንዝር ከፍታ፤
ዕድሜ ልክ ዳገት የወጣ ጉልበት እዚያ ላይ ተረታ።

አንድ ክንድና ሁለት ስንዝር ይዤ፣
ወረድኩ ደንገጎን፣ ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ፣ እኔ ፈዝዤ።

ድሬን ጻፍኩ። የወንዙን ግንብ ሄጄ በእጄ ነካሁት፣
ዘርጋውን ወደ ጣሪያው መውጫ መሰላል አሠራሁት።
በእምነት ለጅቡ ሲል ሳምንት አኮረፈኝ፣
የባጃጅ ጋቢና ተቀምጦ ነው ይቅር ያለኝ።
በወሩ አንድ ረጅም ሰው ኪራይ ሊቀበል መጣ፣
ጎንበስ ብሎ ገባ፣ መቃኑን ዳሰስ አድርጎ ወጣ።
«ጀማል ነኝ» አለኝ።
ስለ ፈቲያ አልጠየቅኩም።
ክረምት ሲመጣ፣ ተራራው ላይ ሲጠቁር፣ እንቅልፍ አልተኛም፤
ይህንን አልደብቅም።

መስከረም ሲጠባ ግን ልጁን መቃኑ ሥር እናቆማለን፣
ጫማውን አውልቆ፣ እርሳሱን አናቱ ላይ አጋድመን እናሰምራለን።
ሰባት መስመር ሆነ። ዘንድሮ ሦስት ጣት ቀረው።
እትዬ አስካለም «እኔንም!» አሉ፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፤
«እኔማ ቁልቁል ነው የማድገው» ብለው ሳቁ።
ያቺ ቡናማ መስመር እዚያው አለች፣
ልጁ ወደሷ ይሄዳል፤
እሷ ቆማ ቀርታለች።