ተከታይ፦ ዜሮ

በድሮው መተግበሪያ ስድቡ ቢያንገሸግሸኝ፣
ነጂብ «አቦ፣ ተወው!» ብሎ ስልኬን ነጠቀኝ፤
ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣ አዲሱን ጫነልኝ።

ስም ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፤
ፎቶ አለኝ፣ ዘለልኩት።
«ምን እያሰብክ ነው?» ይላል፣ ባዶ ሜዳ ዘርግቶ፤
የታይዋንን ጫጫታ ለለመደ ጆሮ ዝምታው ከሙቀቱ ከፍቶ።

ተከታይ፦ ዜሮ። የምከተለው፦ አንድ፣
ነጂብ፤ እሱም ባጃጁን አስነሥቶ ገባ ሳቢያን መንገድ።

ምን ልጻፍ? ድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ፤
«ደቻቱ ደርቋል» ብዬ ለጠፍኩ፣ ጠበቅሁ።
«አንዲት ፍየል ተኝታበታለች» ብዬ ጨመርኩ።
ዝም።
እብደት ቃጣኝ፤ ለአሸዋ እያወራሁ።

ማታ ሹሮዬን ስጠርግ ስልኬ አንዴ ጮኸች፤
ፊት የላት፣ ምስል የላት፣ ኢፍቱ ነኝ ትላለች፦
«እዚህ ደንገጎ ሰማዩ ተቀዷል። ፍየሏን አስነሣት።»

ሮጥኩ፤ አንዱን ነጠላ ጫማ ደጃፍ ጥዬ።
ፍየሏ የለችም። ቦታዋ ሞቋል፣
ድሬ ላይ ደግሞ ምን ያልሞቀ ይገኛል!
ከላይ፣ ከጨለማው፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲገፋ ይሰማል።

«ተነሥታለች» ብዬ ጻፍኩላት፣
ጣቴ እየተንቀጠቀጠ፣
የመጀመሪያው ውሃ አሸዋውን እየዋጠ።