የልብስ ሰፊ ልጅ

አባቴ አራዳ ላይ፣ ከገበያው አፋፍ፣
በሲንጀር መኪናው ቀሚስ ሲጠልፍ፣
መቀሱን ሲያነሳ ትንፋሹን ይውጣል፤
የጨርቁን አካሄድ በጣቱ ያደምጣል።
«ጨርቅ ሲቀደድ ይጮሃል፣ ሲቆረጥ ዝም ይላል፤
ዝም ያለውን ግን፣ ልጄ፣ አላመመውም ማን ብሏል?»

እኔም መቀስ ያዝኩ። ሌላ ቤት፣ ሌላ ገላ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ማዋለጃ ክፍል፣
ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤
አንጓች ከጭልጋ፣ በአምቡላንስ መጥታ፣
ከትናንት ወዲያ የጀመራትን ምጥ እንደያዘች፣
የማርያምን ስም ከመሃል ትታ
«ማር…» ትላለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ «ማር…»

የልጁ ልብ ወረደ። መቶ። ዘጠና። ሰማንያ አምስት።
ዶክተር ይስማው ቆቡን ከጨቅላው አናት አጣብቆ፣
የቫኪዩሙን እጀታ ጨብጦ፣ በላብ ተጠምቆ፣
«በሚቀጥለው ምጥ እስባለሁ» አለ፤
ወደኔ ሳይዞር፣ «ቁረጪ።»
እንደ ልማዱ ነው፤ መሣሪያ ከገባ መቀስ ይከተላል፤
ለምን ያለ ሰው እንዳለ እንጃ፤ ልማድ መቼ ይጠየቃል።

ግን ሁለት ሴቶች አሉ፣ ክንዴ ላይ የሚኖሩ።

አንዷ እናትፋንታ፣ የደምቢያዋ፤
ሳልነግራት ቆረጥኳት፣ እግሯ እንደተሰቀለ።
በአርባ አምስት ቀኗ ልጇን ልታስከትብ መጣች፣
አግዳሚው ላይ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች፣
«እህት ዓለም» አለችኝ በሹክሹክታ፣
«ያን ለት ምኔን ወሰዳችሁ?»
ምንም አልወሰድንም፣ አልኳት።
አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላመንኩ።

ሌላዋ ስመኝ።
መቀሱን ትሪው ላይ ተውኩት፣ ይለጠጣል ብዬ፣
የእናትፋንታ ዓይን ይዞኝ።
ፎርሴፕሱ ሲስብ እስከ ታች ተተረተረች፤
ጨርቅ ሲጮህ ሰማሁ።
ኦፕሬሽን ክፍል ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰፏት።
ዛሬ ልደታ ደጅ፣ ከሰው ርቃ፣
ከግንቡ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች፣
ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እያየች።

አሁን «ቁረጪ» ሲለኝ ሁለቱም ያዙኝ፤
አንዷ ወደ ፊት፣ አንዷ ወደ ኋላ።
ወደ አንጓች ጆሮ አጎነበስኩ፤
«ልጅሽ ቸኩሏል፣ በሩ ጠቦታል።
ትንሽ ልቁረጥ፤ አደንዝዤዋለሁ፣ ኋላ እሰፋዋለሁ።
ትፈቅጂልኛለሽ?»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

አንጓች ዓይኗን ገለጠች፤
ፊቴን አይደለም፣ እጄን ነው ያየችው።
«ይንቀጠቀጣል» አለች።
«መጀመሪያ እሱን አረጋጊው። ከዚያ ቁረጪ።»

ምጡ መጣ። ገላው ነጣ፣ ሳሳ፣ እንደ ሐር ተወጠረ፤
በአውራ ጣቴ አደመጥኩት። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ።
ከዚያ አንዴ፣ ወደ ቀኝ፣ በሰያፍ።
ገላው ዝም አለ፤
አንጓች ግን ጮኸች፣ ስሙን ሙሉውን፣
«ማርያም!»
ሴት ልጅ ወጣች። ሰማያዊ መስላ፣ ጭጭ ብላ።
ከዚያ ቀላች። ከዚያ ተቆጣች።

የመዝገቡ ቅጽ «ተቆርጣለች፦ አዎ፣ የለም» ይላል፤
«ተጠይቃለች» የሚል ሳጥን የለውም።
ከዳር፣ በእስክሪብቶ፣ እኔው ሳልኩለት።

ሊነጋጋ ሲል፣ የቀሃ ጉም መስኮቱን ሲልስ፣
ስሰፋት አንገቷን ቀና አድርጋ
«ክሩን እስኪ አሳዪኝ» አለች።
ከፍ አድርጌ አሳየኋት።
አጥብቃ መረመረችው፣
ዕድሜዋን ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት፤
«ይሻክራል» አለች፣ «ድሮም የገበያ ክር!
ለሚቀጥለው ከራሴ እንዝርት አመጣልሻለሁ።»

ገና አራት ይቀረኝ ነበር።
«አትሳቂ» አልኳት፣
«ስፌቱ ይላላል።»