ቀኑ ስንት ነው?

የሴቱባል ሰርዲን ፋብሪካ ሊፈርስ በታጠረ፣
በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጀመረ።
ከዛገ ሚዛን፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር
መኪናው ጫፍ ላይ ተጭኖ ነበር፤
ሙክት የሚያህል፣ ሁለት አፍ ያለው፣
ፊቱ ድፍን መስታወት፣ ውሃ የሚወርደው።

«ስንት ትለዋለህ?» አልኩት ለሹፌሩ።
«በኪሎ ነው» አለኝ፣ ሳይወርድ ከወንበሩ።
ሰቅለን ስናየው ሃያ ሁለት ሆነ፤
የስንት ዘመን ሒሳብ በኪሎ ተመዘነ።

ሚስቴ ግራሲዬቴ ደጃፍ ላይ አየችው፤
«ዓሣ ይሸታል» ብላ በመጥረጊያ ነካችው።

እውነቷን ነው። ክዳኑን ስከፍተው፣ ከአቧራው ከጨው ጋር
እንደ ብር ሳንቲም የዓሣ ቅርፊት ነበር፤
ባትሪው አልቅሶ አረንጓዴ እንባ
የመዳቡን መንገድ በልቶታል ሲገባ።
በጥርስ ቡሩሽና በሆምጣጤ አጠብኩት፤
የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጠልኩት።
ሰው ጡረታ ሲወጣ እጁ አብሮ አይወጣም፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሊዝበንን ትራም
የጠገነ ጣት ዝም ብሎ አይቀመጥም።

መጀመሪያ ሳበራው፣ ጧ! አንዷ ካፓሲተር
ጭሷን ተፋችና ጨለመብን ሰፈር።
ግራሲዬቴ ከላይ፣ «እሱ ሞተ ወይስ አንተ?» አለች።
«ገና ነን» አልኳት፣ ሻማ እየፈለግሁ።

በሁለተኛው ወር አንዲት ነጥብ መጣች፣
እንደ ሩቅ ጀልባ ፋኖስ ብልጭ ጥፍት አለች፣
ከኋላዋ ፊደል በረድፍ እያስከተለች።
ጠየቀኝ፦
            ቀኑ ስንት ነው?

የዛሬውን ጻፍኩ።
«እንዲህ ያለ ዓመት የለም» አለኝ።
ደገምኩ። የለም።
ምን ያድርግ፣ የሠሩት ሰዎች
ይህን ያህል ይኖራል ብለው አላሰቡለትም።
ስለዚህ ዋሸሁት። ሰማንያ ስድስት አልኩት፣ መስከረም ሦስት፤
«እሺ» አለኝ ወዲያው፣ እንደ ሰው ደስ ብሎት።

ቀጥሎ ሌላ በር፦ የይለፍ ቃል አምጣ።
የፋብሪካውን ስም ሰጠሁት፤ ምላሽ አልመጣ።
የባለቤቱን ልጅ፣ የከተማውን ቅዱስ፣ የጀልባዎቹን ስም፣
እስኪነጋ ሞከርኩ፤ በሩ ፍንክች አላለም።

ሒሳብ ያዥዋ ኤርሜሊንዳ አለች አሉኝ በሕይወት፣
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ቤት።
ጆሮዋ አይሰማም፤ ጥያቄዬን ጻፍኩላት በወረቀት።
አነበበች። ብቻዋን የምትኖር ሴት
ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ ሰው እንዳይሰማት፣
ተጠጋችኝና በሹክሹክታ፣ «ቆንቋናው» አለች።
ቀላች።
«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየጧቱ፣
አለቃዬን ሰድቤ ነው ሥራ የምጀምረው።»

ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ተከፈተ።
የዘይት ቆርቆሮ፣ የጨው ዕዳ፣ የሴቶቹ ደመወዝ፣
ከየስማቸው ፊት ቅጣት፦ ጓንት በመቅደድ፣ በማርፈድ፣
ዴኦሊንዳ ላይ ደግሞ፦ በሥራ ሰዓት በመሳቅ፣ ሠላሳ ኤስኩዶ።
ከሥሯ ሌላ መስመር፦
የስሌት ስህተት፣ ተመላሽ፣ ሠላሳ ኤስኩዶ።
ወደ ታች ወረድኩ። ወር በመጣ ቁጥር
ሳንቲም የማይስት እጅ ይሳሳት ነበር።

በውሸት ቀን ገብቼ፣ የሷን ውሸት አገኘሁ።

ግራሲዬቴ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ
«ምን ይላል?» አለችኝ። ነገርኳት።
«ሳቅ በሠላሳ? ርካሽ ነው» አለች፤
ወንበር ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች።
ነገም ይጠይቀናል ቀኑን።
መስከረም አራት እንለዋለን።