የአንድ ባቄላ ዕዳ

ከማርቆስ ጤና ጣቢያ ጓሮ፣ ከእናቶች ማቆያ ቤት፣
ስድስት ነን፤ ስድስት ሆድ፣ ስድስት አልጋ ያለበት።
አንዷ ከአምበር መጥታ፣ አንዷ ከረቡዕ ገበያ፣
ቤቱ ምን ይመስላል? የአውቶቡስ መጠበቂያ፤
ትኬት የቆረጠ አለ፣ ጓዙን ያሰረ አለ፣
መነሻ ሰዓቱን ግን አንድም ያወቀ የለ።

ጥጡ ተፈትሎ አለቀ፣ ሐሜቱ ተሟጠጠ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሌት ተቀን ቀጠቀጠ።
ዳሳሽ ናት ያን ጊዜ ጨዋታ ያመጣችው፣
ከተማሪ ልጇ አፍ ቃርማ የያዘችው።

አንዷ ትወጣና በረንዳው ላይ ትቆማለች፣
እኛ ቃል እንመርጣለን፤ ስንጠራት ትገባለች።
ቃሉን ማንም አይጠራም፤ ዘመዱን ነው የምንሰጣት፣
በዘመድ በጎረቤቱ በሩ ድረስ የምናመጣት።

«ፀሐይ።»
«ገበያ።»
«ጥርስ፣ የሕፃን!»
ውዴ ገና ሳትቀመጥ፣ «ወጣ!»
ባቄላ ለውዴ።

ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ ፊደል ባልቆጥር ባቄላ እቆጥራለሁ፣
ላወቀች አንዲት ፍሬ ከመዳፏ እጥላለሁ።
ግን የተቆላ ነው፤ ነጥብ አይበረክትም፣
አሸናፊ ሁሉ ድሉን ሲቆረጥም፣
ሲመሽ ማን እንደመራ አንድም ሰው አያውቅም።

አንድ ማታ በ«ዓይን» ተጣላን።
«መርፌ፣ ምንጭ፣ ድንች» ብለን ነበር፤
እመዋ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣
«የመርፌስ ቀዳዳ ነው! ዓይን ምን ይሠራለታል?
ማየት ቢችል ኖሮ ጣቴን ይወጋኝ ነበር?»
ሲስተር ማኅደረ መጥታ መብራት እስክታጠፋ አልታረቅንም።

ከዚያ የትብለጥ ተራ።
ትብለጥ ነገር አታበዛም። ባሏን «እሱ» ትላለች፣
በሚያዝያ ለምንጣሮ ወደ መተማ የወረደውን፣
ስልኩ ከሰኔ ወዲህ ጥሪ የማይቀበለውን።
ስሙን ጠይቀናት አናውቅም። ነውር መስሎን ነው።

ከበረንዳው ገባች፤ የነጠላዋ ጫፍ ረጥቧል።
«ጨረቃ» አለች ውዴ።
«ጨሞጋ፣ በነሐሴ!» አለች ዳሳሽ።
«ማድጋ» አለች እመዋ፤
እኔም ሆዴን ዳብሼ፣ «ወር» አልሁ፣ «ዘጠነኛው።»

ይህን ሕፃን ያውቀዋል።
ትብለጥ ግን ከንፈሯ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤
የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች፣ መልሳ ቋጠረች።
«ጎደለ» አለች።

ሳቅን፣ እስክናምጥ ሳቅን!
«ኧረ ገልብጠሽ ያዝሽው! ጨረቃስ ይሁን፣ ይጎድላል፣
ዘጠነኛ ወር ደግሞ የት አባቱ ይጎድላል?»
ፈረድሁባት።
ባቄላዋን ራሴ በላሁት።

ሌሊት ዝናቡ ሲያባራ አንድ ድምፅ ጨለማውን ሰነጠቀው፦
«ሞላ!»
ዳሳሽ በእንቅልፍ ልቧ፣ «አሁን? ጨዋታው አልቆ?» ብላ ሳቀች።
«ሞላ! ኧረ ሞላዬ! የት ነህ?»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።
መብራት በራ፤ ሲስተር ማኅደረ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች፤
እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ አፌ ውስጥ የባቄላ ጣዕም።
ያ ቃል ሌላ ዘመድ ነበረው፣ እኛ ያልጠራነው፤
ዳኛ ነኝ ባይዋ ምስክሩን ያልሰማሁለት።

ማለዳ ከማዋለጃው ተመለሰች። ሴት ልጅ ናት፤
ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቁጡ።
ቋቱን ባራግፈው ባዶ፤ ከዘበኛው ከአያ እንየው አንዲት ፍሬ ለመንሁ፣
ከመዳፏ አኖርሁላት።
«ዘግይቷል እንጂ ልክ ነው» አልኋት።
አየችው፤ አገላብጣ አየችው፤ በጥርሷ ቀጭ አደረገችው።
«ተራው የማን ነው?» አለች።

የእኔ ነበር።
በረንዳው ላይ ቆሜአለሁ፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ ጨሞጋ ይጮኻል።
ውስጥ ይንሾካሾካሉ፣
የሚጠብቀኝን ቃል እየመረጡ ነው።
ወገቤን ይዣለሁ፣
እስኪጠሩኝ።