ጥያቄ ቁጥር ሦስት

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ክትባት ከሚሰጥበት
ጎን፣ አንዲት ክፍል አለች፤ በሯ አይገጥምም፣ በገመድ ነው የማስረው፤
መስኮቷን በመድኃኒት ካርቶን ደፍኛለሁ፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያየው።

በእጄ ሃያ ሁለት ጥያቄ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣
በአማርኛ የተሰፋ፣ ክሩ እዚህም እዚያም የወጣ።
መልሱ አራት ነው፦ በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ፤
ከዜሮ እስከ ሦስት ነው፣ በቅጹ፣ የሴት ትካዜ።

ወይዘሮ እትአገኝ ገቡ። ጉልበታቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፤
ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ባሬላቸው ይጠብቃል።
ወንበሩን አዩት። አልተቀመጡም።
«ቆሜ ልመልስ፣ ልጄ።»
የወንበሩ ጨርቅ አዲስ መሆኑ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

አንድ። ባለፉት አራት ሳምንታት፣ ሽንት ቤት ሳይደርሱ ያመለጠዎት ጊዜ አለ?
«ሽንት ቤት? ሳይቱ ላይ ያለው የወንዶቹ ነው።
እኛ እስኪመሽ ነው።»
ሁለትን አከበብኩ። ለምን ሁለትን? እኔም አላውቅ።

ሁለት። ከባድ ነገር ሲያነሱ ወደ ታች የሚወርድ እብጠት ይሰማዎታል?
በሩን አዩ። ገመዱን አዩ።
«ይኼንን ማን ነገራችሁ?»
«ማንም። ለሁሉም የምናነበው ነው።»
«ለሁሉም?»
ያኔ ተቀመጡ፣ ከጫፉ፣
ነጠላቸውን አራት አጥፈው ከሥራቸው አድርገው።
«በአምስተኛዋ ልጄ ነው የወረደው። አሥራ አንድ ዓመት በጨርቅ ደግፌ፣
ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልነግር፣ ለባሌ ጀርባዬን አሳቅፌ።»

ሦስት። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ፣ ሽንት ያመልጥዎታል?
«ስስቅ?»
አሰቡ።
«በጭራሽ።»
ዜሮ ጻፍኩ። ደስም አለኝ፣ አንዱ እንኳ ደህና ሆነ ብዬ።
ገጹን ልገልጥ ስል፣
«ከሳቅሁ'ኮ ቆየሁ» አሉ።
«በእህቴ ልጅ ሰርግ ነው የመጨረሻው። ሚዜው ዝቅ ብሎ እስክስታ ሲመታ
ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁ፣
ሰርገኛው ተበትኖ፣ ወንበር ተቆጥሮ፣ ድንኳኑ እስኪፈርስ።
‹ደክሟት ነው› አሉልኝ።
ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲመጣ ከንፈሬን ነው የምነክስ።»

እስክሪብቶዬ ዜሮዋ ላይ ቆመ።
ቅጹ የፈሰሰውን ይቆጥራል እንጂ፣ የተገደበውን መች ያውቃል፤
ሳቅ ከቤት ከወጣ ወዲያ፣ እርግጥ ነው፣ ቀሚስ ደርቆ ይውላል።

«ሲስቁ» የሚለውን አየሁት። ሲን ሰርዤ ቢ ጻፍኩ።
«እትዬ፣ ቢስቁስ?»
«ብስቅማ…» ቆርቆሮውን አዩ፣ ዝናብ የጀመረ ይመስል።
«ብስቅማ ሁልጊዜ።»

ዓርብ ሲስተር ትርሲት ቅጹን ስትሰበስብ ጣቷ ሰረዙ ላይ ዋለ፤
«ፊደል መለወጥ ክልክል ነው፤ ተፈትኖ የጸደቀ ነው፣ አልተባለ?»
ነገርኳት። ሰርጉን፣ ሚዜውን፣ ሱሪውን።
ልትስቅ ስትል አየኋት፤
እግሯን አነባበረች።
ብዙ ዝም አለች።
ኋላ፣ ቅጾቹን ወደ እኔ እየገፋች፣
«ሦስተኛው ላይ ስንት ዜሮ አለን?»

ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ አንድ።

ከላይኛው ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስልክ ዝግ ነው።
ሁለተኛው ጎረቤት አነሳው፣ «ቀን ሥራ ሄዳለች» አለኝ።
ሦስተኛው ጠራ፣ ጠራ፤
«ሄሎ» አለች አንዲት ሴት፣ ከኋላዋ የኮንክሪት ማሽን እየጮኸ፣
«ማን ልበል?»
«ከጤና ጣቢያ ነው» አልኳት፣
«ባለፈው ስጠይቅሽ
አንዲት ፊደል ተሳስቼ ነበር።»