የላይኛው ማሳ

በአዳማ ከተማ፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ አባቴን ይዤ ስገባ
ንፋሱ ቀድሞኝ በሩን ወረወረው፤
ሐኪሟ ቀና አለች፤ «ማነው የታመመው?»
አባቴ በአገጩ እኔን ጠቆመባት፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀልዱ ግን አለበት።

ስሙ ኤርጃቦ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
የወንጂን አገዳ ውሃ ያጠጣበት
ቦቲው አሁንም ጭቃ ይሸታል፤
የማለዳ ወሬ ለምሳ ይጠፋዋል፤
ቀጥ ያለው መንገድ ይጠምበታል።

ሐኪሟ የመድኃኒት ማዘዣ ገልብጣ
ጭንቅላት ሣለች፣ ክብ መስመር አውጥታ፤
ከአንገት የሚነሣ ግንድ፣ ከግንዱ ቅርንጫፍ፣
ከቅርንጫፉም ክር፣ እስከ ግንባር ጫፍ።
«ደምዎ በዚህ ያልፋል። አረቄ ሲገባ
ስሩ ይከፈታል፣ ሰውነት ይሞቃል፤
ፊት እንደ በርበሬ ቀልቶ ይነፋል፤
የጎርፍ ሰዓት ነው፤ ሰው ያኔ ይዘፍናል።
ዓመት ዓመትን ሲወልድ፣ ምሽቱ ሲደጋገም፣
ስሩ ይደድራል፣ አይለጠጥም፤
ወደ ግንባርዎ የሚወጣው ደም
ቀጠን፣ ቀጠን ይላል።
‹ተው› የሚለው ዳኛ እዚያ ነው የሚውል።
ከማጅራት በላይ ያለው ሚዛን ያዡ
ሲጠማው ጊዜ ነው እግር የሚፈዙ።»

አባቴ እስክሪብቶውን ከእጇ ላይ ወሰደ።
እኔ አፈርኩ።
«ልጄ፣ ይሄ ስዕል አልተስተካከለም» አለና
ግንዱን አሰፋው። «ይሄ ዋና ቦይ፤
ይሄ መጋቢው ነው፤ ይሄ ትልም፤ እይ፣
እያንዳንዱ አፍ ላይ መዝጊያ ብረት አለ፤
ሌሊት የሚዞረው፣ እንቅልፍ ካላታለለ።
የታችኛው ማሳ ጠግቦ ሲንቦጫረቅ
የላይኛው ቀድሞ ነው የሚሰነጠቅ፤
ጉብታ ላይ ነዋ! ውሃ ሽቅብ አይሄድም።
አገዳ ሲጠማው ደግሞ አይጮህም፤
ቅጠሉን ብቻ ነው የሚጠቀልለው፤
ያንን ያላየ ሰው ደህና ነው የሚለው።»

እዚህ ላይ ዝም አለ።
«ምሽት ምሽት ታዲያ፣ ማን ነበረ ዘጊው?»
ማንንም አላየም፤ መልስም አልጠበቀው።

እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር፤
እሱ ያጠጣው አገዳ፣ ተጨምቆ ለስኳር፣
ሞላሰሱ ነጥሮ፣ በጠርሙስ ታሽጎ፣
ተመልሶ መጣ አባቴን ፈልጎ።

ስንወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤
ባጃጁ አቧራውን አልፎን ይበትናል።
በፍራንኮ በኩል፣ ከአረቄ ቤቱ ደጅ፣
«ኤርጃቦ!» አለች ተዋቡ፤ «ግባ እንጂ!
ዱቤህ ገና አልሞላም።»
መጋረጃዋን ንፋስ ወደ ውጭ ሳበው፤
የማዘዣውን ወረቀት ኮፍያው ስር ወተፈው።
አልገባም።
አልሄደምም።
አውራ ጣቱን አንስቶ
ግንባሩ ላይ ጫነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
እንደዚያ በፊቱ፣ ከማሳው ተንበርክኮ፣
አፈሩን ተጭኖ፣
ጠምቶት እንደሆነ እንደሚያጣራ ሆኖ።