ሚኒሞ

አቢንግደን፣ ኅዳር ወር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣
የጋራዤን በር ገፍተው ቤሪል ሃድሰን ገቡበት።
ከኋላቸው በገመድ፣ አፍንጫዋን ደፍታ የምትጎተት
አረንጓዴ ኤም ጂ፣ የስልሳ ሰባት ሥሪት፤
ሁለት መንገድ አልፎ ነው የተወለደችበት።
"ብትነሳም አትቆይ" አሉኝ፣ "መብራት ላይ ስቆም ትሞታለች፤
ለጥሩምባ ነፊ ሁሉ መሳቂያ ታደርገኛለች።"

ኮፈኑን ከፍቼ ጆሮዬን ሰጠሁ፤
ከሁለቱ ኤስ ዩዎች፣ ከመንትዮቹ፣
አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ሲያፏጭ ሰማሁ።
የስሮትሉ ዘንግ ተበልቷል፣ ቀዳዳው ሰፍቷል፤
ያልተጠራ አየር በጓሮ ይገባል፤
እንደ ስስታም ጠጅ ሻጭ ቤንዚኑን ያቀጥናል።
ሚኒሞ አልይዝ አለች ማለት፣ በመካኒክ አፍ፣
ቆሞ መተንፈስ አቃታት ማለት ነው፤
ሲሮጡማ ሁሉም ደህና ነው።

ሙያውን የለቀምኩት ናዝሬት፣ ከደግነህ ጋራዥ፤
ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፦
ጣልያን ሲወጣ ረስቶት የሄደው የብረት ቋንቋ።
የእንግሊዝን ሞተር በጣልያን ስም እየጠራሁ እፈታለሁ፤
ሞተሩ እስካሁን ቅር ብሎት አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፌ ምርጫውን ደረደርኩ።
"ይህ ዌበር ነው፣ የቦሎኛ፤ ነጠላ፣ ከላይ ወደ ታች የሚምግ፤
በውርጭም ይነሳል፤ ማኒፎልዱ ግን አብሮ ይቀየራል።
ይህ በጎኑ የተኛው፣ ባለ አርባ አምስቱ፣ የውድድር ነው፤
ቤንዚን አይጠጣም፣ ይጋተዋል።
እነዚህ ደግሞ የራሷ። ዘንግ ቀይሬ፣ ቡሽ አስገብቼ፣
መርፌውን መርጬ፣ በሁለት ሳምንት…"

እዚያ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ሰበክሁ።
ሁለት ሳንባ ይዛ የተወለደችን በአንድ ማስቀረት ነውር ነው አልኩ፤
የባለቤትዎ፣ የነፍስ ይማሩ ዴዝመንድ፣ እጅ አለበት አልኩ፤
ፒስተኑን በጣቴ አንስቼ ለቀቅሁት፤ ቀስ ብሎ ወርዶ
ጠቅ አለ።
"ይስሙት፤ ይህ ድምፅ ከዌበር አይወጣም።"

ቤሪል ጓንታቸውን አወለቁ፤ ቀኙን፣ ቆይተው ግራውን።
"ስማ የኔ ልጅ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ዴዝመንድ መሪ ይዞ እኔ ስገፋ ነው የኖርነው።
በሠርጌ ጫማ ገፍቻታለሁ፣ በኦክስፎርድ መንገድ ላይ፤
በእናቱ ቀብር ገፍቻታለሁ፤
የሰባት ወር እርጉዝ ሆኜ፣ በዝናብ፣ ገፍቻታለሁ።
እሱ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ 'ትንሽ ነው የቀረሽ' ይለኛል።
ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚህን ሁለቱን ሲፈታ፣
የጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ ደቅኖ ትንፋሻቸውን ሲያስታርቅ፣
ሻይ ቀርቧል ብዬ ሦስቴ እጠራዋለሁ።
ጠቅ ማለቱን ከአንተ በፊት ሰምቻለሁ።
የሚነሳውን ግጠምልኝ።"

ገጠምኩ።
ጋርኒሲዮኑን አጥብቄ፣ ገመዱን አሳጥሬ፣
በካቻቢቴ ሩብ ዙር፣ ደግሞ የሩብ ሩብ፤
ስምንት መቶ ላይ ሚኒሞዋ ቆመ፣
ሆዱ እንደሞላ ድመት።
"የድሮዎቹስ?" አልኳቸው ሒሳብ ሲከፍሉ።
"ለሚገፋ ሰው ስጥልኝ" አሉ።

በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው።
ማዕዘኑ ላይ መብራቱ ቀይ ሆነባቸው።
እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ቆጠርኩ፤
አስር፤ ሃያ፤ ማርሚታዋ ነጭ ጭሱን ትተነፍሳለች፤
አልሞተችም።
አረንጓዴ በራ።
ቤሪል ግን አልተነቃነቁም።
ከኋላ ያለው የዳቦ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፤
እሳቸው ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው
ቆማ ስትተነፍስ ይሰማሉ።